ያጥናሽ

ባዶ በርሜል ውስጥ ውሃ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ በርሜሉ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። ቦሌ አራብሳ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ፣ የመጣ ዕለት የብሎካችን ቧንቧ ሁሉ ባንዴ ይከፈታል። ደረጃው እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፣ ባልዲ ከባልዲ ይጋጫል፣ ሴቶቹ ከፎቅ ፎቅ እየተጠራሩ «መጣ፣ መጣ» ይባባላሉ። ለጎረቤቶቼ ከዚህ የተሻለ የምሥራች የለም። እኔ ግን ጆሮዬን እደፍናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት የላይኛው ፎቅ ሰዎች በርሜላቸው ላይ ሲለቁት ገና አልጋ ውስጥ ነበርኩ፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዬ ሳብኩና እስኪሞላ ጠበቅሁ። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ርችት ሲተኮስ ይደነግጣል ይባላል። እኔ ጦርነት አልሄድኩም። የሄደው ወንድሜ ነው፤ የቧንቧ ውሃ የሚያስደነግጠው ግን እኔን ነው።

ነገሩ የሆነው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው።

ያን ጊዜ ቤታችን ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እናቴ፣ ወንድሜና እኔ። አባቴ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ወንድሜ ጢም ሳያበቅል አባወራ ሆነ። ከኦሎምፒያ ጀርባ የነበረው የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ ወደ አራብሳ ስንመጣ እናቴ «ጅብ የሚጮህበት አገር አመጡን» ብላ አለቀሰች። እሱ ግን ሳምንት ሳይሞላው መገናኛ ወርዶ የሚኒባስ ረዳት ሆነ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው መቼም፤ እኔ ሰው ፊት ስሜን ለመናገር የማፍር፣ እሱ ደግሞ መገናኛ ቆሞ «አራብሳ፣ አራብሳ፣ የሞላ» ሲል ድምፁ ለቦሌም ለአያትም የሚተርፍ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰልፉ ላይ ካየኝ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ «ወንድሜ፣ ወደ ኋላ እለፍልኝ፣ ጋቢና የተማሪ ነው» እያለ ያስነሳው ነበር። ሰውየው እያጉረመረመ ሲወርድ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ዛሬም ጋቢና ባዶ ሆኖ ሳየው አልፌው ኋላ እቀመጣለሁ።

ትምህርቱን ያቋረጠው አሥረኛ ክፍል ሳለ ነው፤ ሁለታችንም ተማሪ ሆነን ቤቱ መቆም ስላልቻለ። ስለዚህ የኔ ትምህርት የኔ ብቻ አልነበረም። ዶሮ ሲታረድ አይቼ ራሴን የሳትኩ ፈሪ መሆኔን እያወቀ «ዶክተር» ነበር የሚለኝ። «ዶክተር፣ ዛሬስ ምን አጠናሽ?» ይለኝና የነገርኩትን ሳይገባው ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ከታክሲ ሰልፉ ጓደኞቹ ጋር ተመዝግቦ ሄደ። የሄደበት ጠዋት ክረምቱ ገና አልወጣም፤ በራችን ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ወንድሜ ናፍጣና ቫዝሊን፣ ናፍጣና ቫዝሊን ይሸት ነበር፤ ሳሙና ያንን ሽታ ከእጁ አስለቅቆት አያውቅም። እናቴ አንገቱን ይዛ አልለቅም አለች። እኔን ግንባሬን ሳመኝና «አንቺ እዚህ ወረቀቱን ግጠሚ፣ እኔ እዚያ ያለውን እገጥማለሁ» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር አለመሳቅ አይቻልም ነበር።

ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ በሰው ስልክ ይደውል ነበር። «ሃሎ ዶክተር፣ ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?» ድምፁ ውስጥ ነፋስ ነበረበት፤ ከጀርባው ሌሎች ወጣቶች ተራቸውን እየጠበቁ ይሳሳቃሉ። ስለራሱ ስጠይቀው «እኛ ደህና ነን፤ እዚህ ጅቡ እንኳን ከአራብሳው ጨዋ ነው» ይለኛል። ከዚያ መስከረም ጠባ፣ መደወሉ ቀረ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ባንዱ ቅዳሜ ከማጠናከሪያ ትምህርት ስመለስ ቤታችን ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀኝ። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው በመስመር ተደርድረዋል፤ ጥቂቶቹ የኛ አልነበሩም። ሰሚት የሚኖረው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ቅዳሜም ሥራ ያለው ሰው፣ ቤታችን ተቀምጧል። የእናቴ ዓይን ቀልቷል። «ምን ሆነሽ ነው እማዬ?» ስላት «ሽንኩርት ነው» አለችኝ። ምድጃው ላይ ግን ምንም አልተጣደም ነበር። አጎቴ ተነስቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «በርቺ ልጄ፣ አንቺ ብቻ በርቺ» ብሎኝ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በብሎካችን አዲስ ሕግ ወጣ፤ «ተማሪ አለ» የሚል። እኛ በር ሥር ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ወደ ሌላ ብሎክ ሄዱ። ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሙዚቃ የሚያጮሁት ጎረምሶች እኔን ሲያዩ ስልካቸውን ያጠፋሉ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እናት፣ እትዬ የምንላቸው፣ ተከታታይ ድራማቸውን ድምፁን ቀንሰው ማየት ጀመሩ። ምግቡስ ቢሆን። አንዷ ዳቦ፣ አንዷ ቅቅል፣ አንዷ በሰሃን የተከደነ ሽሮ ይዘው በየተራ ይመጣሉ። «ለተማሪዋ ነው» ይሉኛል፣ ሰሃኑን ሰጥተውኝ ዓይኔን ሳያዩ ይመለሳሉ። እኔም እበላ ነበር። ሰው ሁሉ ለኔ ፈተና ሲል የሚኖር መሰለኝ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚገባው እንዲህ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ። ግን ድንኳን የሌለበት፣ የማይጮህበት ለቅሶ አይቼ አላውቅም።

ውሃ በሚመጣበት ቀን እናቴ በርሜሉን መታጠቢያ ቤት ታስገባና ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ትከፍታለች። በሩን ትዘጋለች። በርሜሉ ይሞላል፣ ይፈሳል፣ ውሃው ከበሩ ሥር ሾልኮ ኮሪደሩን ያጥለቀልቃል፤ እሷ አትወጣም። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ከመጽሐፌ ላይ ሳልነሳ ጮህኩባት። «እማዬ፣ ውሃው ፈሰሰ እኮ! ደግሞ ድምፁ ራሴን በጠበጠው» አልኳት። ቧንቧው ወዲያው ተዘጋ። ፊቷ እስከ አንገቷ ረጥቦ ወጣች። «ይቅርታ የኔ ልጅ፣ ረሳሁት» አለችኝ። ጨርቅ አምጥታ ተንበርክካ ኮሪደሩን አደረቀች፤ እኔ ጋ ስትደርስ እግሬን አነሳሁላት።

እናንተ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር።

ያን ሰሞን እናቴ አበባ ያለበትን ደማቅ ቀሚሷን ብቻ ትለብስ ጀመር። ለበዓል የምትለብሰው ስለነበር «ምነው፣ ባል ልታገቢ ነው?» እያልኩ አስቃት ነበር፤ ቢያንስ የምትስቅ ይመስለኝ ነበር። አንዴ ጎንበስ ስትል ከሥሩ ሌላ ቀሚስ አየሁ፣ ጥቁር። «ከሥር የለበስሽው ወጣ» አልኳት። «ብርድ ነው» አለችና በጣቷ ወደ ውስጥ መለሰችው። እኔ ፊት ሐዘን መልበስ ስላልቻለች ከሥር ለብሳው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደብተሬን ታቅፌ ደረጃ ስወጣ እትዬ ሲወርዱ ተገናኘን። ቆም አሉና ጉንጬን በመዳፋቸው ይዘው «እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አሉኝ። አፋቸው አምልጧቸው ነው። እኔ ደግሞ ምን ብል ጥሩ ነው? «አሜን እትዬ። ባዮሎጂውንስ አጥንቻለሁ፣ ፊዚክሱን ያስጠናኝ እንጂ» አልኳቸውና ሳቅሁ። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው የደረጃውን ብረት ያዙ። «ምነው፣ አመመዎት እንዴ?» ስላቸው «ጉንፋን ነው፣ ሂጂ ልጄ፣ ሂጂ አጥኚ» አሉኝ። ያጥናሽ ለሐዘንተኛ የሚባል ቃል መሆኑን አጥቼው አይደለም። ግን ሰው የሚሰማው ያለበትን ነው፤ እኔ ያለሁት ጥናት ውስጥ ነበር። ሲያማቸው አይቼ እንኳን ደረጃውን እየዘለልኩ ወጣሁ።

ከሁሉ የሚከፋኝ በወንድሜ ላይ ያሳየሁት ኩርፊያ ነው። አይደውልማ። እራት ላይ እናቴ ፊት ለፊት ተቀምጣ እኔ ስለሱ አማርር ነበር። «ረስቶኛል። ጓደኛ ሲያገኝ እህት ምን ያደርግለታል» እላለሁ። «ኔትወርክ የለም ይላሉ» ትለኛለች። «የሌላው ሰው ወንድም እንዴት ይደውላል ታዲያ? ሲመጣ ላላናግረው ነው።» እናቴ የቆረሰችውን እንጀራ ሳትጎርስ ወደ ሰሃኑ መለሰችውና «እሱ አይረሳሽም» አለች። እኔ ተነስቼ ወደ መጽሐፌ ሄድኩ። ልጇ ሞቶባት እንኳን ላላለቀሰች እናት ልጇን አማሁላት። ይህን ሳስብ አሁንም ፊቴን በእጄ እሸፍናለሁ፤ ቢሮም ብሆን፣ ታክሲም ውስጥ ብሆን።

ከዚያ ፈተናው ተራዘመ ተባለ። እኔ በደስታ ዘለልኩ፤ ፊዚክስ ገና ነበረኛ። እናቴ የአልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና «እስከ መቼ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ገና አልታወቀም፤ እንኳን ተራዘመ እማዬ» አልኳት። ወለሉን እያየች «እንኳን» አለች። ይህችን አንዲት ቃል እንዴት እንዳወጣቻት እግዜር ይወቅ።

ጥቅምት ላይ ደግሞ ጦርነቱ ሊቆም ነው የሚለው ዜና መጣ። እትዬ ቤት ቴሌቪዥኑ ክፍት ነበር፤ በደረጃው ሰማሁት። ያን ቀን እናቴ በጠዋት ወጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ነበር። በሩን ከፍታ ስትገባ ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «እማዬ፣ ሰላም ሆነ፣ ሊመጣ ነው» አልኳት። ከነጠላዋ ዕጣን ሸተተኝ፤ በእጇ በፌስታል የቋጠረችው ዳቦ ነበር። ገላዋ በእጄ ውስጥ እንደ እንጨት ደረቀ። «እልል በይ እንጂ» አልኳት። አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ አፏን ከፍታ እልል አለች። አንዴ፣ አጭር፣ ቀጭን እልልታ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር፤ ዞረው ቤታቸው ገቡና ዘጉ። ያ ቀን የወንድሜ አርባ ነበር። ዳቦው የአርባው መክፈልት ነው። የሐዘን አድርጋ የለበሰችውን ነጠላ ደረጃው ላይ አስተካክላ ነበር የገባችው፤ ይህን ሁሉ የነገሩኝ እትዬ ናቸው፣ ኋላ። እናቴ ስለዚያ እልልታ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እውነት አልጠረጠርኩም? ወንበሮቹን አይቻለሁ፣ ጥቁሩን ቀሚስ አይቻለሁ፣ ከአፍንጫዬ ሥር ዕጣን ሸቶኛል። ሳይገባኝ የቀረው ደደብ ሆኜ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። የፈተና ሰሞን ግን ሰው የማይፈልገውን ነገር ከደጅ ይመልሳል። ባልጠየቅሁ ቁጥር ወንድሜ በሕይወት ነበር፤ እኔም ምዕራፌን እጨርስ ነበር።

ፈተናው ኅዳር ላይ ሆነ። እንደምታውቁት ተማሪው በአውቶቡስ ተጭኖ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ነው የሚፈተነው፤ ስልክ የለ፣ ዘመድ የለ። እናቴ በሶና ቆሎ ቋጥራ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኘችኝ። «ስለ ምንም ነገር አታስቢ» አለችኝ። አላሰብኩም። ደህና ሠራሁ፤ ፊዚክሱ እንኳን እንደፈራሁት አልነበረም።

ስንመለስ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እናቶች ልጆቻቸውን እያቀፉ ይስማሉ። የኔ እናት የለችም፤ የመጣው አጎቴ ነው። ተናደድኩ። «እማዬስ?» ስለው «ቤት ነው ያለችው» አለኝ። መገናኛ ላይ ሚኒባስ ስንይዝ ሻንጣዬን ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። አያት ሰፈርን ስናልፍ «ፈተናው ሙሉ በሙሉ አልቋል አይደል?» አለኝ። «አልቋል ጋሼ፣ አለፈ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አራብሳ ስንደርስ ሻንጣዬን መለሰልኝ።

ከብሎካችን ፊት የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። እናቴ ሞተች ብዬ ሻንጣዬን ጥዬ ሮጥኩ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ሴት ሞልቶበታል፣ እናቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። በሕይወት ናት። ጥቁሩ ቀሚስ አሁን ከላይ ነው። ከጎኗ የወንድሜ ፎቶ በወታደር ልብሱ። የሴቶቹ ሹክሹክታ ቆመና ሁሉም እኔን ያይ ጀመር።

«ጨረስሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ጨረስኩ።»

«ምንም አልቀረሽም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ወንድምሽ ሞቷል» አለችኝ።

እኔ መሬት ላይ ወደቅሁ። እናቴም አፏን ከፈተች፤ ሴቶቹ ሁሉ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። ከአፏ የወጣው አየር ብቻ ነበር። እንደገና ሞከረች። አንገቷ ላይ ሥሩ ተገተረ፣ ድምፅ ግን የለም። ጥፋት እንደሠራ ሰው ዙሪያዋን አየችና «ድምፄን ያዘኝ» ብላ ሹክ አለች። በቧንቧው ውሃ ሥር፣ በርሜሉ አጠገብ ለቅሶዋን አፍናው አፍናው መውጣት አቅቶት ነበር። ጎረቤቱም ቢሆን ሐዘኑ ሰንብቶበታል፤ እኔ ሳጠና በየቤቱ አልቅሶ ጨርሷል። የዚያ ቀን ወንድሜ አዲስ የሞተው ለኔ ብቻ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ለብቻዬ ጮህኩ፤ እነሱ ጀርባዬን ያሹኛል።

በሠልስቱ እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው መርዶው እንዴት እንደመጣ ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ እኔ ወደ ማጠናከሪያ ትምህርት ከሄድኩ በኋላ ነው የገቡት። እናቴ ገና ፊታቸውን ስታይ ገብቷት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን ነጠላዋን ነከሰች። «ልጄ ፈተና አለባት። ከዚህ ቤት ድምፅ የሚያወጣ ዘመዴ አይደለም» አለች። አጎቴ እንኳን ተቆጥቶ ነበር። «ለሟች ነውር አይደለም ወይ? እንዲህ ያለ ልጅ ሞቶ እንደ ምንም ይዋላል?» አላት። እናቴ የመለሰችለትን እትዬ ቃል በቃል ይዘውታል። «እሱ ትምህርቱን የተወው ለማን ነው? እሷ ብትወድቅብኝ ሁለቴ ሞተ ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ ብሎኩ ሁሉ ዝም አለ።

ብዙ ሰው በወደቀበት ዓመት አለፍኩ። ዘመድ ሁሉ «የወንድሟ ነፍስ ረዳቻት» አለ። ዶክተር ግን አልሆንኩም፤ አካውንቲንግ ተምሬ አምና ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ቢሮ ገብቻለሁ። ከመስኮቴ ሳይ የቀበሌ ቤታችን የነበረበት ቦታ ላይ ባለ መስታወት ሕንፃ ቆሟል። ሰው «አንቺ ምን አጠፋሽ? አታውቂ ነበር» ይለኛል። እውነት ነው። ግን ያላጠፉት ጥፋት ካጠፉት በላይ እንደሚከብድ ለማን ይነገራል? የወንድሜ ለቅሶ በኔ ፈተና ተተካ፤ ቀኑንም ወሰድኩበት። ሙት ዓመቱ የሚታሰበው ድንኳን በተተከለበት በኅዳሩ ቀን ነው። ዘመድም፣ እድሩም፣ እኔም የያዝነው እሱን ነው። የወደቀበትን ቀን እናቴ ለብቻዋ ይዛዋለች። መቃብር የለውም፤ የወደቀበት አገር የት እንደሆነ በጣቴ ላሳያችሁ አልችልም። መቃብር የሌለው ሰው ቀኑንም ካጣ ምን ይቀረዋል?

በክረምቱ መጨረሻ ቢሯችን ስብሰባ ነበር። መድረክ መሪው «በመጀመሪያ ለተሰዉ ጀግኖቻችን የአንድ ደቂቃ የሕሊና ጸሎት» አለ፤ ተነስተን ቆምን። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዱ ሳል አፈነ፣ አንዷ ስልኳን በጎን አየች። ደግ ነገር ነው፣ አልነቅፍም፤ ያስታወሰ ይመስገን። እኔ ግን አልቻልኩም። ወንድሜ ጋቢና አስለቃቂ፣ የመገናኛን ትራንስፖርት ለብቻው በጩኸት የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ዝምታ ምን ያደርግለታል? ዝምታማ እኛ ሰጥተነው ጠግቧል። ሌሎቹ ሲቀመጡ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።

ማታ እናቴን «እማዬ፣ ወንድሜ የሞተው መቼ ነው?» አልኳት።

«ኅዳር ነዋ፣ ረሳሽው?»

«እሱ የኔ ፈተና ነው። የሱን ንገሪኝ።»

እጇ ላይ የነበረውን ፎጣ አጥፋ ዘርግታ፣ ዘርግታ አጥፋ «የመስከረም ሚካኤል» አለችኝ። በየዓመቱ በዚያ ቀን «ሚካኤልን ልሳለም» ብላ በጠዋት ትወጣ እንደነበር ያኔ ትዝ አለኝ። እኔም በየዓመቱ «ጸልይልኝ በይው» እያልኩ እሸኛት ነበር።

ዘንድሮ በመስከረም ሚካኤል ሥራ አልሄድኩም። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ወንበሮቹን ወደ ዳር ገፍቼ፣ ፍራሹን ሳሎን አውርጄ፣ ፎቶውን አስደግፌ ጠበቅኋት። በሩ ላይ ቆመች።

«ሥራ የለሽም?»

«የለኝም።»

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቀኑ ነው። ልናለቅስለት ነው» አልኳት።

ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። መጀመሪያ በከንፈሯ ብቻ ነበር። «ጎረቤት ይረበሻል» አለችኝ። «ይረበሽ» አልኳት። ከዚያ ከሆዷ የሆነ ነገር ተነሳ፤ ሻካራ፣ የዛገ፣ የማላውቀው ድምፅ። ያ ድምፅ በዚያ ቀጭን ገላ ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት የት ተቀምጦ ነበር? እኔም ተከተልኳት። ደረጃው ሲያስተጋባ እንሰማው ነበር።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወደ ልጃቸው ዘንድ ከተዛወሩ ወዲህ ቤታቸውን የተከራየችው ወጣት እናት ናት፤ ሒጃቧን በችኮላ ጣል አድርጋ፣ እጇ ሊጥ እንደሆነ፣ ልጇን በጎኗ ታቅፋ። ከሰላምታ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም።

«ምን ሆናችሁ? ማን ነው?» አለችኝ።

«ወንድሜ ነው። ጦር ሜዳ የወደቀ።»

«ዛሬ ነው የሰማችሁ?»

«አይደለም፣ ዓመታት አልፎታል» አልኳት። አፈርኩ። «ይቅርታ፣ አስደነገጥንሽ። ልጅሽንም ቀሰቀስንብሽ።»

ትመለሳለች ብዬ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ፎቶውን አየች፣ እናቴን አየች።

«ለቅሶ ምን ጊዜ አለው?» አለችና ጫማዋን አወለቀች። ገብታ ከእናቴ ጎን ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን ወደ ጭኗ አዞረች። «ስሙን ንገሩኝ እማማ። ስሙን ሳላውቅ እንዴት አለቅስለታለሁ?»

እናቴ ዓይኗን ጠርጋ ቀና አለች፤ ስሙን እስከ መንገዱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው።